ሳንባ ራሱን አይነፋም

ልጅ ሆኜ በገበያ ቀን ከእናቴ ጋር ስወጣ እግሬ የሚቆመው ቀጥቃጩ ዘንድ ነበር። ወናፉን ሲያንቀሳቅስ ባየው ባየው አልጠግብም። ከፍየል ቆዳ የተሰፉ ሁለት ከረጢቶች ናቸው። በአንድ በኩል እንደ ከንፈር የሚገጥሙ ሁለት የእንጨት ዘንጎች አሏቸው፤ በሌላው በኩል ወደ ፍሙ የሚገባ የሸክላ ቱቦ። ሰውየው ከረጢቱን ወደ ላይ ሲያነሣ ከንፈሩን በጣቶቹ ይከፍተዋል፤ ወደ ታች ሲጫን ይገጥመዋል። ያን ጊዜ ፍሙ ፏ ይላል። የልጅ ዓይኔ የሚያየው ፍሙን ብቻ ነበር። ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ግን ደጋግሜ የማስበው ከዚያ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው፤ ከረጢቱ የሚነሣባትን። በዚያች ቅጽበት አየሩን ወደ ውስጥ የሚገፋ ማንም የለም። ቀጥቃጩ ቦታውን ያሰፋል፣ አየሩ በራሱ ይገባል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያች ቅጽበት የሚመዘዝ ነው። ሳንባ ራሱን የሚያሰፋበት ጡንቻ የለውም። ልብ ራሱ ይመታል፣ ጨጓራ ራሱ ይፈጫል፤ ሳንባ ግን ሌላው ሲጎትተው የሚሰፋ፣ ሲለቀው የሚሰበሰብ ነው። እስትንፋስ ሥራ ነው፤ ሠራተኞች አሉት፣ ዋጋ አለው። የሳንባ በሽታ ምን ያደርጋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ያንን ዋጋ ያስወድዳል ብዬ እመልሳለሁ።

እስቲ አንድ እጃችሁን ከእምብርት ከፍ አድርጋችሁ ሆዳችሁ ላይ አኑሩት። ቀስ ብላችሁ ሳቡ። እጃችሁ ወደ ፊት ተገፋ። ሆዳችሁ ውስጥ አየር ገብቶ አይደለም። በደረትና በሆድ መካከል እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን የተቀመጠ ስስ ጡንቻ አለ፤ ድያፍራም ይባላል። ሲሠራ ጉብታው ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉበትና ጨጓራን ይጫናል፣ እነሱም መሄጃ ሲያጡ እጃችሁን ይገፋሉ። ጎድን አጥንቶቻችሁም በመካከላቸው ባሉት ጡንቻዎች እየተሳቡ ወደ ላይና ወደ ጎን ይነሣሉ። ደረት ሰፋ ማለት ነው። ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 እንዳሳተመው፣ ተዘግቶ የተያዘ አየር ቦታው ሲሰፋለት ግፊቱ ይወርዳል። በደረታችሁ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ዝቅ ሲል የውጭው አየር በአፍንጫ ይገባል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ጸጥ ባለ ትንፋሽ ላይ ከአንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ከሚጫነው አይበልጥም። በዚህች ትንሽ ልዩነት በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል አየር እናስገባለን፤ በደቂቃ ከ12 እስከ 18 ጊዜ፣ በቀን 20,000 ጊዜ ገደማ፣ አንዱንም ሳንቆጥር።

ከቀጥቃጩ ወናፍ የምንለይበት አንድ ነገር አለ። የእሱ አየር በአንድ በር ገብቶ በሌላ ይወጣል፤ የእኛ መግቢያውም መውጫውም አንድ ነው። ስለዚህ ከገባው ግማሽ ሊትር 150 ሚሊ ሊትሩ ከአፍንጫ እስከ ቅርንጫፍ ቧንቧዎች መንገድ ላይ ቀርቶ ሥራ ሳይሠራ ይመለሳል። ፈጣንና ቁርጥ ቁርጥ የሚል ትንፋሽ ሰውን የሚያደክመው በዚህ ነው፤ የምትስቡት ባነሰ መጠን መንገድ ላይ የሚቀረው ድርሻ ይበዛል። የደረሰው አየር ደግሞ ሃያ ጊዜ ያህል ለሁለት ለሁለት የተከፈለውን ቧንቧ ተከትሎ በመቶ ሚሊዮኖች ወደሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይገባል። እነዚያ ከረጢቶች ተዘርግተው ቢነጠፉ ሰፊ አዳራሽ ይሸፍናሉ። በእነሱና በደሙ መካከል ያለው ግድግዳ ከአንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር ይሳሳል።

አሁን ያመጣሁትን ዕቃ እዩት። የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ቂጡን ቆርጬ ጥየዋለሁ። በአፉ ፊኛ አስገብቼ የፊኛውን አንገት በጠርሙሱ አፍ ላይ ገልብጬ አስሬዋለሁ፤ የተቆረጠውን በኩል ደግሞ የሐኪም ጓንት ወጥሬ ሸፍኜዋለሁ። ጓንቱ ድያፍራም ነው፣ ጠርሙሱ ደረት፣ ፊኛው ሳንባ። ጓንቱን ወደ ታች ስጎትተው ፊኛው ተነፋ። ስለቀው ሟሸሸ።

በጠርሙሱ ጎን በምስማር አንድ ቀዳዳ ልውጋ። አሁን እየጎተትኩ ነው፤ ፊኛው ግን ዝም ብሏል። ፊኛው ጤነኛ ነው፣ ጓንቱም ጤነኛ ነው፤ አየሩ አቋራጭ ስላገኘ ብቻ ነው። በጩቤ ደረቱን የተወጋ ጎረምሳ የሚያገኘው ይኸው ነው። ጩቤው ሳንባውን ባይነካው እንኳ የደረቱ ግድግዳ ከተበሳ በዚያ በኩል ያለው ሳንባ ሊሟሽሽ ይችላል። ሐኪሙ በጎድን አጥንቶች መካከል ቱቦ ያስገባና የቱቦውን ሌላ ጫፍ ከአልጋው በታች በተቀመጠ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ በታች ያጠልቀዋል። ውስጥ የታሰረው አየር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ ውሃው ስለሚያግደው መመለስ አይችልም። ዎርድ ውስጥ ዘመድ ስትጠይቁ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ካያችሁ ከአልጋው ከፍ አድርጋችሁ አታንሡት፤ ውሃው ወደ ደረቱ ሊመለስ ይችላል።

ቅርጫ ሲታረድ የቆማችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አይታችኋል። የበሬው ደረት ሲከፈት ሳንባው ኩምትር ይላል። ሕያው ሳንባ ሁልጊዜ እንደ ተወጠረ ላስቲክ ነው፤ ልቀቁኝና ልሰብሰብ ይላል። የደረት ግድግዳ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ውጭ ይስባል። ሁለቱን ያስተሳሰራቸው በመካከላቸው ያለች ከጥቂት ማንኪያ የማትበልጥ ፈሳሽ ናት። ሁለት መስታወቶችን በውሃ አርጥባችሁ ብታጋጥሙ ይንሸራተታሉ እንጂ በቀላሉ አይላቀቁም፤ እንደዚያ ናቸው። ሳንባ ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ የደረትን ግድግዳ ከውስጥ የሸፈነው ስስ ሽፋን ግን ይሰማዋል። ሲቆጣ በየትንፋሹ ይወጋል። እናቶቻችን ውጋት የሚሉት፣ ሲስቡ ጎናቸውን ይዘው የሚያቋርጡት፣ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ሳንባው ውሃ ቋጠረ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ውሃው በሳንባው ውስጥ ሳይሆን በእነዚህ በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ተጠራቅሞ ነው። በአገራችን ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ ቲቢ ነው። ውሃው ቦታ ይሻማል፤ ድያፍራሙ ቢጎትትም ሳንባው የሚሰፋበት ስፍራ አያገኝም።

እስካሁን ስለ ማስገባት ነው ያወራሁት። የማስወጣቱን ሥራ ማን ይሠራል? ዐርፈን ስንቀመጥ ማንም አይሠራውም። ድያፍራሙ ይለቃል፣ የተወጠረው ሳንባ በራሱ ይሰበሰባል፣ አየሩ ይወጣል። ነጻ ስጦታ ነው። ይህ ስጦታ የተወሰደበት ሰው ምን እንደሚሆን ለመናገር አንዲት እናት ላስታውሳችሁ።

እኔ በምሠራበት ክሊኒክ በር ላይ ልጃቸው ደግፏቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይሆናል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ትከሻቸውን ከፍ አድርገዋል። «ልጄ፣ አየር አልገባ አለኝ» አሉኝ። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ከዐርባ ዓመት በላይ ግን ማድ ቤት ውስጥ በኩበትና በቅጠል እንጀራ ጋግረዋል፤ መስኮት በሌለው፣ ግድግዳው በጥላሸት በጠቆረ ማድ ቤት። ደረታቸው እንደ በርሜል ክብ ሆኗል። ሲያስወጡ ከንፈራቸውን አሹለው፣ ትኩስ ቡና እንደሚያበርድ ሰው እፍ ይላሉ። ማንም አላስተማራቸውም።

«በኃይል ያስወጡት፣ እስኪያልቅ ድረስ» አልኳቸው። ጆሮዬን ከማዳመጫው፣ ዓይኔን ከሰዓቱ ሳልነቅል ያዝኩ። ጤነኛ ሰው በኃይል ሲያስወጣ አብዛኛው አየር በመጀመሪያዋ ሰከንድ ይወጣል፤ ሁሉም ከስድስት ሰከንድ በፊት ያልቃል። የእሳቸው አሥር ሰከንድ አልፎ ጉሮሮአቸው ላይ ገና ይንሾካሾካል። እማማ አየር አልገባ አለኝ ቢሉም ችግራቸው አየር አልወጣላቸው ማለቱ ነው። የቀድሞው ስላልወጣ ለአዲሱ ቦታ የለም።

በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ እንድንቆይ እለምናችኋለሁ፤ ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይህን እመርጣለሁ። የጢስ ጉዳት ሳንባን እንደ ላላ የካልሲ ላስቲክ ያደርገዋል። ጥቃቅኖቹ ቧንቧዎች ክፍት ሆነው የሚቆዩት በዙሪያቸው ያለው የተወጠረ ሥጋ እንደ ድንኳን ገመድ ከየአቅጣጫው ስለሚይዛቸው ነው። ገመዱ ሲበጠስ፣ ሰውየው ለማስወጣት ደረቱን በጨመቀ ቁጥር ቧንቧውም አብሮ ይጨመቃል። በኃይል በገፋ ቁጥር በሩ ይዘጋበታል። እማማ ከንፈራቸውን ሲያሾሉ መውጫውን በማጥበብ በውስጥ ጥቂት ግፊት ያስቀራሉ፤ ያ ግፊት ቧንቧዎቹን ከውስጥ ደግፎ ያቆማቸዋል። ቀስ ብሎ ማስወጣት ከመታገል የበለጠ አየር ያስወጣል።

አስም መንገዱ ሌላ ነው፣ ውጤቱ ግን ይመሳሰላል። በቧንቧዎቹ ዙሪያ ያለው ቀለበት የመሰለ ጡንቻ ይጠብቃል፣ የውስጥ ሽፋኑ ያብጣል፣ አክታ ይወፍራል። ቀጥ ብሎ በሚፈስ አየር ላይ የቧንቧው ወርድ በግማሽ ቢቀንስ አየሩን የሚያግደው ኃይል ሁለት ጊዜ አይደለም የሚያድገው፣ አራትም አይደለም፤ 16 ጊዜ ነው። አንድ ልጅ ሲጫወት ቆይቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መናገር የሚያቅተው በዚህ ሒሳብ ነው፤ በተመሳሳይ ሒሳብ መድኃኒቱ ጥቂት ብቻ ሲያሰፋው ፊቱ ይመለሳል። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ይበልጥ የሚሰማው ሲያስወጣ ነው፤ ደረቱ ሲሰበሰብ ቧንቧውም ስለሚጠብ። ሲር ማለቱ በድንገት ጸጥ ካለና ልጁ ግን እየተዳከመ ከሄደ፣ ተሻለው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ድምፅ የሚያወጣ አየር እንኳ ማለፍ አቅቶት ሊሆን ይችላል።

የልብ ሕመም፣ አስም ወይም እርግዝና የሌለባችሁ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። በጣም ጠልቃችሁ ሳቡ። አሁን ከያዛችሁት ጥቂቷን ብቻ አውጡና እንደገና ጫፍ ድረስ ሳቡ። ደግሞ ጥቂት አውጡ፣ ደግሞ ሳቡ። አሥር ጊዜ። አንገታችሁ ተወጠረ፣ ትከሻችሁ ተነሣ፣ ደረታችሁ ሞልቶ ሳለ አየር ያነሰው መሰላችሁ። ድያፍራሙ ተዘርግቶ ስለቀረ የሚጎትትበት ጉልበት አጥቷል። አሁን ልቀቁት። ይህን አሥር ትንፋሽ እማማ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጭምር ይተነፍሱታል። ምግብ በጥቂቱ የሚበሉት፣ ክብደታቸው የቀነሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁለቱን ወርደው ዳገቱን መመለስ የተውት ስንፍና ይዟቸው አይደለም።

በትንፋሽ የሚወጣውን አየር መለኪያ ለሕክምና ያበረከተው ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። ውሃ ላይ የተደፋ በርሜል የመሰለ መሣሪያ ሠርቶ ከ2,000 በላይ ሰዎችን እያስነፋ ለካና እ.ኤ.አ. በ1846 ውጤቱን አሳተመ። መሣሪያው ስፓይሮሜትር ይባላል፤ የዛሬው በእጅ የሚያዝ ነው። አሁንም ከትልልቅ ሆስፒታሎች ውጭ እንደልብ አይገኝም። በዚህ አዝናለሁ። የደም ግፊት መለኪያ ያለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ የትንፋሽ መለኪያ ቢኖረው እማማን የመሰሉ እናቶች ዓመታት ሙሉ «ብርድ ነው፣ ብሮንካይት ነው» እየተባሉ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ብቻ ይዘው ባልተመለሱ ነበር።

ለመተንፈስ የሚያስገድደን ምንድን ነው የሚለውን በአጭሩ ልንካው፤ ሰው የሚሞትበት ጉዳይ ስላለው። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ብትቆዩ አላስቀምጥ የሚላችሁ የኦክስጅን ማነስ አይደለም፤ የተቃጠለው አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በደም ውስጥ መከማቸቱ ነው። በአንጎል ሥር ያለው ጠባቂ በዋናነት የሚያዳምጠው እሱን ነው። የከሰል ጭስ ሰውን ሳይቀሰቅስ የሚገድለው ለዚህ ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው አየር ይወጣል። የኦክስጅንን መቀመጫ በደም ላይ ይነጥቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን እንደ ወትሮው እየወጣ ስለሆነ ጠባቂው ምንም አልሰማም፤ አያፍንም፣ አያስነሣም። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያንቀላፋል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላም ይኸው አየር ይወጣል፤ እንዲያውም «ጭሱ ስላለቀ እናስገባው» የሚባልበት ሰዓት አደገኛው ሰዓት ነው። አራስ ያለችበት ክፍል ውስጥ ማንደጃ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ።

ስለ ደጋ አንድ ቃል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት ሩብ ያህል ነው፤ የኦክስጅኑ ድርሻ እኩል ቢሆንም የሚገፋው ኃይል ያንሳል። ጤነኛ ሳንባ ይችለዋል። ሳንባቸው የተጎዳ ሰዎች ወደ ቆላ ስወርድ ቀለል ይለኛል ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ምናብ አይደለም።

አሁን ወደ ሕፃናት ልለፍ። ጠርሙሱን ላስታውሳችሁ። ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ነው ጓንቱን ስጎትት ፊኛው የተነፋው። ጠርሙሱ እንደ ፌስታል ለስላሳ ቢሆን ኖሮ ስጎትተው ጎኑ ራሱ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። የሕፃን ደረት ለስላሳ ነው፤ ጎድኖቹ ገና አልጠነከሩም። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን የአየር ከረጢቶቹ በፈሳሽ ተሞልተው ሳንባው ይከብዳል፣ ይደነድናል። ድያፍራሙ ከባዱን ሳንባ ለመጎተት ሲታገል የሚሸነፈው ለስላሳው ደረት ነው፤ ከጎድኖቹ በታች ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ስርጉድ ይላል። ልብሱን ሳታወልቁለት ይህን አታዩትም። ልጃችሁ ሲያስል ልብሱን አውልቁና በብርሃን እዩት።

ከዚያ ቁጠሩ። ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የሚጠቀሙበት ልክ እንዲህ ነው፦ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ስርጉድ ካለ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ደግሞ ሳትቆጥሩ ሩጡ። የስሙ ነገር ያሳስበኛል። ይህን በሽታ የሳንባ ምች ብለን ስለምንጠራው ብዙ ሰው ፀሐይ ከሚመታው ምች ጋር ያዛምደውና ዳማከሴ አሽቶ ያሸተዋል፣ ይጠብቃል። ዳማከሴን አልነቅፍም፤ እኔም አሽትቼዋለሁ፣ ለራስ ምታት እወደዋለሁ። በፈሳሽ የተሞላ የአየር ከረጢት ውስጥ ግን አይደርስም። ሳል የያዘውን ልጅ እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ ነው፤ የቀን ዋጋ ያስከፍላል፣ ደም መፍሰስና ቁስል ያመጣል።

በጽኑ የታመመ ሕፃን አንዳንዴ ባስወጣ ቁጥር እህ እህ ይላል። ሕመሙ ስለበረታ ብቻ አይደለም። ጉሮሮውን ገጠም አድርጎ አየሩን በጥቂቱ እየለቀቀ ነው፤ ከረጢቶቹ እንዳይደፈኑ። እማማ በከንፈራቸው ያደረጉትን እሱ በጉሮሮው ያደርጋል። የስልሳ ዓመት እናትና የሦስት ቀን ሕፃን፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድ ዘዴ ላይ መድረሳቸውን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ከሁሉም የበለጠ ይህን ይፈልጋል። የአየር ከረጢቶች ከውስጥ እርጥብ ናቸው፤ ውሃ ደግሞ ፊቱን መሰብሰብ ይወዳል፣ ትንንሽ ከረጢቶችን አጣብቆ ይዘጋል። ጤነኛ ሳንባ ይህን የሚያላላ ሳሙና መሰል ፈሳሽ ራሱ ያመነጫል። ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳየችው፣ ያለ ቀናቸው ተወልደው የሚታፈኑት ሕፃናት ያጡት ይህንን ነው። አራት ዓመት ቆይቶ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከቀኑ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተወልዶ በሁለተኛው ቀን ሞተ፤ የዚያን ጊዜ ሕክምና ለዓለም ኃያሉ ሰው ልጅ እንኳ የሚያደርገው አልነበረውም።

ዛሬ አለ፤ አንደኛውም መንገድ እንደገና ጠርሙስ ነው። ከሕፃኑ አፍንጫ ኦክስጅን የሚያደርሰው ቱቦ በሌላ በኩል ተዘርግቶ ጫፉ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል። ሕፃኑ የሚያስወጣው አየር ያንን ውሃ ገፍቶ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ በሳንባው ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ግፊት ይቀራል፣ ከረጢቶቹ አይዘጉም። እህ እህ የሚለውን ድካም ጠርሙሱ ይሸከምለታል። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ ሐኪሙ ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲና ባልደረቦቹ ይህንን በባዶ የሻምፑ ጠርሙስ ሠርተው በሳንባ ምች የተያዙ ሕፃናትን ሞት መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ በእኛም አገር ሆስፒታሎች ተሞክሯል። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ስትሰሙ እየሠራ ነው፤ ጸጥ ካለ ነርሷን ጥሩ።

ከወናፉ ፈጽሞ የሚለይ መንገድ ደግሞ አለ፤ አየርን ከውጭ መግፋት። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ ገብቶ ድያፍራማቸው የሰለለባቸው ሕሙማን ሆስፒታሉን ሞሉት። ዶክተር ብዮርን ኢብሰን የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ላይ ቀዳዳ አሠርቶ በላስቲክ ከረጢት አየር ገፋላት፤ ዳነች። መሣሪያ ስላልነበረ ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎች እየተፈራረቁ ቀንና ሌሊት፣ ለሳምንታት፣ ከረጢት በእጃቸው ጨመቁ። በኮሮና ጊዜ ስሙን ሁላችን የለመድነው ቬንትሌተር የተማሪዎቹን እጅ የተካ ነው።

የመጨረሻው ጠርሙሴ ይኸው፤ እናንተ ቤት ውስጥ ልትሠሩት የምትችሉት እሱ ነው። ለአስም የሚሰጠው የሚነፋ መድኃኒት፣ ኢንሄለር፣ ሁለት ክፉ ስም አለው። አንደኛው «ከለመደብህ አይለቅህም» የሚለው ነው፤ ሐሰት ነው። ከእንክብሉ እጅግ ባነሰ መጠን ቀጥታ ወደ ቧንቧው የሚሄድ ስለሆነ የተቀረውን አካል የሚነካው ጥቂት ነው። ሁለተኛው «አልሠራልኝም» ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ እውነት አለው፣ ምክንያቱም ልጆች ሲነፋና ሲስቡ ጊዜው አይገጥምላቸውም፣ መድኃኒቱ ምላስ ላይ ይቀራል። መፍትሔው በመድኃኒቱና በአፍ መካከል የሚቀመጥ ባዶ ዕቃ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው ውድ ነው። በኬፕታውን ሐኪሟ ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ የግማሽ ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጠው እኩል እንደሚሠራ በአስም በተያዙ ሕፃናት ላይ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ1999 አሳይተዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ። ቂጡ ላይ ልክ የኢንሄለሩን አፍ የሚያህል ቀዳዳ ቁረጡ፤ ሰፋ አታድርጉት። ኢንሄለሩን ሻጡና ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት፤ አየር የሚያሾልክ ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል። ጠርሙሱን ግን ከዚያ በፊት በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ ሳትወለውሉት ይድረቅ፤ በጨርቅ ከወለወላችሁት መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ኢንሄለሩን አራግፉ፣ ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይግጠም፣ አንድ ጊዜ ንፉ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ አምስት ስድስት ጊዜ በጠርሙሱ ውስጥ ይተንፍስ። ሁለተኛ የሚነፋ ከታዘዘ እንደገና ከመጀመሪያው። ሐኪሙ ሁለት ዓይነት ካዘዘላችሁ፣ የሚያስታግሰውና እብጠቱን በየቀኑ የሚቀንሰው ለየብቻ ናቸው፤ ተሻለው ብላችሁ የኋለኛውን አታቋርጡ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስምንት የተሠሩ አሉ፤ መቀስና ፕላስተርም አስቀምጫለሁ። ቤቱ አስም ያለበት ልጅ ያለው ወደ ፊት ይምጣና አንዱን በእጁ ይያዝ፤ ኢንሄለራችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ ቀዳዳውን በልኩ አብረን እንቆርጣለን።